አውሮፕላንን በሁለት ክር ያሰረው ሰው

ሰውዬው ሜዳው መሃል ቆሟል። በቀኝ እጁ አንድ መያዣ፣ በግራ እጁ ሌላ መያዣ፣ ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ ቆብ የመሰለ ነገር አጥልቋል። ከሦስቱም ቀጫጭን ክሮች ወጥተው ተወጥረዋል፤ በክሮቹ ጫፍ ሦስት ባለሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች እየጮኹ ይዞሩታል። ሁለቱን በእጆቹ ነው የሚያበራቸው። ሦስተኛውን? ጭንቅላቱን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቀ!

ይሄ ሰው ጂም ዎከር ይባላል። የመዝገብ ስሙ ኔቪልስ ነው፤ የጸናለት ግን ጂም የሚለው ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው በኦሪገን ግዛት ያለችው ፖርትላንድ። ሞዴል አውሮፕላን በሚሠሩና በሚያበሩ ሰዎች መካከል ስሙ እንደ አባት ይነሳል። ከእነሱ ውጪ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የእሱን ታሪክ ልናጫውታችሁ የወደድነው። ድሮን ለምታበሩም፣ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ሞተር ፈታታችሁ ለምትገጥሙም የሚሆን ነገር አለው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዎከር በ1920ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አሜሪካን ጁኒየር የተባለ ድርጅት ይዞ ተነሳ። የሚሠራው ለልጆች የሚሆን የእንጨት አውሮፕላን ነው። እንጨቱ ባልሳ ይባላል፤ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ፣ በእጅ ሲያነሱት ባዶ እስኪመስል ድረስ የሚቀል ዛፍ። በእጅ የሚወረወሩ ነበሩ፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚበሩም ነበሩ። አንዱ አሻንጉሊቱ ላስቲኩ ሲፈታ ቀጥ ብሎ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ነበር። ስሙን ሲሊንግ ዎከር አለው። በእንግሊዝኛው ጣሪያ ላይ የሚሄድ እንደማለት ነው፤ በዚያ ላይ የራሱን ስም አስገብቶበታል። ሰውዬው ቀልድም ንግድም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ1930ዎቹ ግን ነገሩ ተቀየረ። ቢል ብራውን የተባለ የፊላዴልፊያ ወጣት 10 ሲሲ አካባቢ የሆነች የቤንዚን ሞተር ሠራ። ማክስዌል ባሴት የተባለ ሌላ ወጣት ያቺን ሞተር ይዞ በ1933 ብሔራዊ ውድድር ላይ ሲቀርብ፣ የላስቲክ አውሮፕላኖቹ አልቻሉትም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሞተር ፈለገ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሞተሩ መጣ፣ መሪው ግን አልመጣም። ሞተሩን አስነስተህ አውሮፕላኑን ትለቀዋለህ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ያንተ ሥራ መሮጥ ነው። ነዳጁ እስኪያልቅ ይወጣል፣ ቀጥሎ እየተንሳፈፈ ነፋሱ ወደወሰደው ይሄዳል። የወራት ሥራ በአንድ ከሰዓት ከደመና ጋር ሲሰወር ማየት የተለመደ ነበር። ሬዲዮስ? ሬዲዮ ተሞክሯል። ጉድ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ1937 ሬዲዮ የጫነች ትልቅ ሞዴል አብርረዋል። ግን የዘመኑ ሬዲዮ በመስታወት አምፖል የሚሠራ፣ ከባድና ውድ ነው። ለሰፈር ልጅ የሚታሰብ አልነበረም።

ዎከር የያዘው መልስ ክር ነው።

ልጅ ሆነን ጥንዚዛ በክር አስረን ያላበረርን ማን አለ? ጥንዚዛዋ ትጮሃለች፣ ትዞራለች፣ አንተ መሃል ሆነህ ትዞራለህ። የዎከር አውሮፕላንም መልኩ ይሄው ነው፤ ልዩነቱ ክሩ ሁለት መሆኑና ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን መሪም መሆኑ ነው። አሠራሩን እንንገራችሁ። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በመሃሉ በብሎን የተያዘ፣ ሦስት ጎን ያለው ትንሽ ቁራጭ ብረት አለ። ሁለቱ ክሮች በግራ ክንፍ በኩል ገብተው በዚህ ቁራጭ ሁለት ጫፎች ላይ ይታሰራሉ። ከሦስተኛው ጫፍ ቀጭን ሽቦ ተነስቶ ጭራው ላይ ወዳለው ተንቀሳቃሽ ክንፍ ይሄዳል። አብራሪው እጁን ወደ ላይ ሲያዘነብል አንዱ ክር ይሳባል፣ ቁራጯ ትዞራለች፣ ጭራው ይነሳል፣ አውሮፕላኑ ይወጣል። ወደ ታች ሲያዘነብል ይወርዳል። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም፤ አውሮፕላኑ ያለው በአብራሪው ዙሪያ በተሰመረ ክብ ላይ ነው። ክሩን የሚወጥረው ራሱ ፍጥነቱ ነው፤ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ስናሽከረክር እጃችንን እንደሚስበን ማለት ነው።

ስሙን ዩ-ኮንትሮል አለው፤ አንተ ነህ የምትቆጣጠረው እንደማለት። በ1940 አካባቢ ፋየርቦል የተባለውን አውሮፕላን ይዞ ገበያ ወጣ፣ የፓተንት ማመልከቻውን አስገባ፣ በ1942 ፓተንቱን ተቀበለ። ፓተንት ማለት ይሄን ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሌላው ሠርቶ ሲሸጥ ለእኔ ይክፈል የሚያሰኝ የመንግሥት ወረቀት ነው። ይቺን ወረቀት አትርሷት፣ ኋላ ትመጣለች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የዎከር ድርጅት ለጦር ሠራዊቱ ተንሸራታች ሞዴሎችን ሠራ። ኢንተርሴፕተር የተባለችው ክንፏን አጥፋ በላስቲክ ወንጭፍ ትወነጨፋለች፣ ጫፍ ስትደርስ ክንፏን ዘርግታ ትንሳፈፋለች። ተኳሾች ዒላማ ሲለማመዱ ይጠቀሙባት ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ የነገሩ ጣዕም እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፋየርቦሎች የሚበሩት ካንዴላ ባለው የቤንዚን ሞተር ነበር። ሞተሯ ራሷ እፍኝ አትሞላም፤ የምትሸከመው ጓዝ ግን ጉድ ነው። ብልጭታ ለመፍጠር ቦቢና ያስፈልጋል፣ ኮንደንሰር ያስፈልጋል፣ ፑንቲና ያስፈልጋል፣ ባትሪ ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ በባልሳ አውሮፕላን ላይ ይጫናል። ከዚያ ንዝረቱ ሽቦ ያላቅቃል፣ ፑንቲናው ዘይት ይቀባል፣ ባትሪው ይደክማል። የድሮ መኪና ነድቶ መንገድ ላይ የቆመ አባት ያለው ሰው ይሄን ስቃይ ያውቀዋል።

በ1947 ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ግሎው ፕላግ የተባለውን ለገበያ አቀረበ። የፍም ካንዴላ ብንለው ይቀላል። ብልጭታ የለውም። ውስጡ የተጠመዘዘች ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ አለች። ሲነሳ 1.5 ቮልት ባትሪ ተነክቶበት ሽቦዋ ትግላለች፤ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ሽቦዋ ግን አትጠፋም። ፕላቲነምና የሜታኖል ትነት ሲገናኙ በሚፈጥሩት ሙቀትና ከቃጠሎው በሚተርፈው ግለት እንደ ፍም ሆና ትቆያለች፣ ቀጣዩን ምትም ታቀጣጥላለች። ቦቢናው፣ ኮንደንሰሩ፣ ባትሪው ሁሉ ከአውሮፕላኑ ወረደ።

ታዲያ በየቤቱ አሮጌውን ሞተር ወደ አዲሱ መቀየር ተጀመረ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ካንዴላውን ፈትተህ የፍም ካንዴላውን ታስራለህ፣ ፑንቲናውን ታወጣለህ። ግን አያልቅም። መጀመሪያ ነዳጁ ይቀየራል። ድሮ ቤንዚን ከወፍራም ዘይት ጋር ነበር፤ አሁን ሜታኖል ከጉሎ ዘይት ጋር ነው። አዎ፣ ያው የእኛው ጉሎ፣ እናቶቻችን ፍሬውን ለምጣድ ማሰሻ የሚያደርጉት። የጉሎ ዘይት ከሜታኖል ጋር በደንብ ይዋሃዳል፣ ሙቀት ሲበዛም ቶሎ አይከዳም፤ ለዚህ ነው የተመረጠው። ጉልበት የፈለገ ደግሞ ናይትሮሜቴን ይጨምርበታል። ሁለተኛ፣ ሜታኖል ለእኩል አየር ከቤንዚን እጥፍ ያህል ስለሚፈልግ የነዳጅ መርፌው በደንብ መከፈት አለበት፤ ማጠራቀሚያውም ይተልቃል። ሦስተኛ፣ ያ ነዳጅ የአውሮፕላኑን ቀለም ይልጣል፤ ስለዚህ ነዳጅ የሚቋቋም ቀለም መቀባት ግድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማቀጣጠያው ሰዓት ነው። በካንዴላው ጊዜ ብልጭታው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዲመጣ የምታደርግ ትንሽ መዘውር ነበረች። አሁን የለችም። ሞተሩ መቼ እንደሚያቀጣጥል የሚወስነው የሲሊንደሩ መጠቅጠቅ፣ የፍሟ ግለትና የነዳጁ ዓይነት ተጋግዘው ነው። ሞተሩ ቀድሞ እያቀጣጠለ ካስቸገረ ከሲሊንደሩ ራስ ሥር አንድ ስስ ቀለበት ተጨምሮ ቦታው ይሰፋል፤ ከደከመ ይቀነስለታል። የወረቀት ውፍረት ያላት ቀለበት ጠባዩን ትቀይረዋለች።

በክር ለሚበር አውሮፕላን ሌላም ጣጣ አለ። አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ስለሚዞር ነዳጁ በማጠራቀሚያው ውስጥ ወደ ውጭው ጎን ይሸሻል፤ ልክ ሚኒባስ ሲታጠፍ እኛ ወደ መስኮቱ እንደምንለጠፈው። ስለዚህ ነዳጅ የምትስበው ቱቦ ጫፏ በውጭው ጎን መቀመጥ አለባት፤ አለዚያ ነዳጅ እያለ ሞተሩ ይጠፋል። የማጠራቀሚያው ከፍታም ዋጋ አለው። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሲበር ድምፁ ከተቀየረ ማጠራቀሚያው ከመርፌዋ አንጻር ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ በጥቂት ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ።

ከዚያ መቃኘቱ። የምንለው በዘፈቀደ አይደለም፣ ሥራው በእውነትም ክራር ከመቃኘት ይቆጠራል፤ መሣሪያው ጆሮ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ነዳጅ አጥሮት በከፍተኛው ጩኸት ላይ ከተተወ፣ አየር ላይ ፕሮፔለሩ ሲቀለው ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ፒስቶኑም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ነዳጅ በዝቶበት ነው የሚለቀቀው። ለማረጋገጥ አሮጌ ዘዴ አለ። የነዳጅ ቱቦውን ለቅጽበት በጣት ቆንጠጥ ማድረግ ነው። ያኔ ፍጥነቱ ከጨመረ ነዳጅ በዝቶበት ነበር፣ ደህና ነው፤ ከወረደ ግን ቀድሞውኑ አጥሮት ነበርና መርፌዋ ትከፈት።

ትርኢት ለሚያሳዩ አብራሪዎች ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ነዳጅ የበዛበት ባለሁለት ምት ሞተር በየዙሩ መቀጣጠሉን ትቶ አንድ እየዘለለ ይቀጣጠላል፤ ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ይሆናል። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር እንዲህ ይሆንና አፍንጫውን ሽቅብ ሲያነሳ ሞተሩ ድንገት ድምፁን አቅጥኖ በሙሉ ጉልበቱ ይይዛል፤ ሲስተካከል ተመልሶ ይረጋጋል። ማንም ጋዝ አልረገጠም። አብራሪው የጋዝ መርገጫ የለውም፤ ሞተሩ ጉልበት የሚፈልግበትን ሰዓት ራሱ እንዲያውቅ ተደርጎ ነው የተቃኘው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የመጣችው 5.7 ሲሲዋ የፎክስ ሞተር በዚህ ጠባይዋ ነው ስም ያወጣችው።

አሁን ወደዚያ ሰውዬ ተመለሱና ሦስቱን አውሮፕላኖች አስቡ። አንዱ ሞተር ከሌላው ቢፈጥን ይደርስበታል፣ ክር ከክር ይጠላለፋል። አንዱ ቀድሞ ቢጠፋ ሰውዬው ሁለቱን እያበረረ አንዱን ማሳረፍ አለበት፤ ያ የሚጠፋው ደግሞ በጭንቅላቱ የያዘው ከሆነ እግዜር ይርዳው። ክሩ ከላላ መሪው የለም። እንግዲህ ከሕዝቡ ፊት ከመቆሙ በፊት ሦስት መርፌዎችን በጆሮ ማስተካከል ነበረበት። ተመልካቹ የሚያደንቀው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ነው። እኛ ግን ያቺን ከትርኢቱ በፊት ያለች ሰዓት ነው ያደነቅናት። (መዞሩ ራሱ ምን ያህል ራስ እንደሚያዞር የሞከረ ያውቀዋል።)

ከጦርነቱ በኋላ በክር ማብረር እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሰፊ እርሻ አያስፈልግም፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃል። አውሮፕላኑ አይጠፋም። ሞዴል የሚሸጡ ድርጅቶችም የዎከርን ፈቃድ ይዘው ይሠሩ ነበር።

በካሊፎርኒያ ግን ሌሮይ ኮክስ የሚባል ሰው መጣ። ኮክስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ 0.8 ሲሲ የሆነች ሞተር ይሠራ ነበር። ባጃጅ 200 ሲሲ አካባቢ ናት ብንል ከአንድ ባጃጅ ሁለት መቶ ሃምሳ የኮክስ ሞተር ይወጣል! ይቺን ሞተር የተገጠመላቸው፣ ከሳጥን ወጥተው የሚበሩ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችንም መሸጥ ጀመረ። ሙጫ የለም፣ ባልሳ መቁረጥ የለም። አውሮፕላኖቹ የሚበሩት ደግሞ በሁለት ክር ነው። ዎከር ከሰሰው።

ችሎቱ ላይ የወጣው ስም ዎከርን ከአገሩ ልጅ ጋር አፋጠጠው። ኦባ ሴንት ክሌር ይባላል፤ እሱም የኦሪገን ሰው ነው። በሰኔ 1936 ግሬሻም በምትባል ከተማ አቅራቢያ በክር የሚመራ ሞዴል አብርሮ ነበር። ግሬሻም የት ናት? ፖርትላንድን ይዛ በምሥራቅ በኩል ያለች ጎረቤት። የዎከር ከተማ ጓሮ ማለት ነው። የሴንት ክሌር መሣሪያ የቴሌቪዥን አንቴና የመሰለ ትልቅ ነገር ላይ ብዙ ክሮች የታሰሩበት እንጂ እንደ ዎከር ሁለት ክርና አንድ መያዣ አልነበረም። ሆኖም ሐሳቡ ቀድሞ መሠራቱ ታየ፣ በ1955 ፍርድ ቤቱ የዎከርን ፓተንት ውድቅ አደረገው።

እኛን ከጠየቃችሁን፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። ሴንት ክሌር ቀድሟል፤ ይሄ አይካድም። ነገሩን ለልጅ እጅ የሚመጥን አድርጎ፣ ስም አውጥቶለት፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ በጭንቅላቱ ጭምር ያሳየው ግን ዎከር ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ማን አስፋፋው ብሎ አይደለም፣ ማን ቀደመ ብሎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ለማንም ሳይከፍል ሁለት ክር አስሮ አውሮፕላን መሸጥ ቻለ። የኮክስ ትንንሽ ሞተሮች በሚሊዮን ተሠርተው የአሜሪካን ሰፈሮች በጩኸት ሞሉት።

ዎከር ከፍርዱ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1958 አረፈ።

ሬዲዮው በኋላ ረከሰ፣ ቀለለ፤ አብዛኛው ሰው ክሩን ትቶ ወደዚያ ሄደ። ሞተር ሠሪዎችም ፍጥነት መቀነሻ ያለው ካርቡሬተር እየገጠሙ ለሬዲዮ የሚሆን ሞተር ማምረት ጀመሩ። ክሩን ያልተዉት ሰዎች ታዲያ ዛሬም አዲስ ሞተር ሲገዙ ሥራቸው የድሮው ተቃራኒ ሆኗል፤ ካርቡሬተሩን ፈትተው ያወጡና በቦታው መዝጊያ የሌለው ባዶ ቱቦና አንዲት መርፌ ያስገባሉ። የቱቦውን ቀዳዳ ይለካሉ፤ ሰፊ ከሆነ አየሩ ነዳጁን በደንብ አይስብም፣ ጠባብ ከሆነ ጉልበቱ ያንሳል። ከዚያ በጣት ቱቦ ቆንጠጥ፣ ጆሮ ጣል። ክሩ ለትርኢት 20 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብረት ስለሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ሰፈር ፈጽሞ አይሞከርም።

በየዓመቱ በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ላይ ከልጆቹም፣ ከወጣቶቹም፣ ከአዋቂዎቹም ምድብ ያሸነፉት ለአንድ ዋንጫ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ክቡ መሃል ይቆምና አንድ መያዣ ይዞ ያበራል፣ በአንድ እጅ። ዋንጫው የጂም ዎከር ዋንጫ ይባላል።